ሽልማቱ ለለባሹ ነው ወይስ ለሰፊዋ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት በኅዳር ወር፣ የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ሊከበር ቀናት ሲቀሩት፣ ድሬዳዋ፣ መልካ ጀብዱ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ባዘጋጀው የባህል ልብስ ውድድር ላይ ከሦስቱ ዳኞች አንዱ ሆኜ ተቀምጬ ነበር። የትምህርት ቤቱን ስም ማንሳት አያስፈልግም። የማወራው ስለ ዳኞቹ ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም የእኔ ጭምር ነው።

ረፋድ ስለነበር የድሬ ፀሐይ ገና አልበረታችም። ተማሪዎቹ ሜዳው ላይ በተነጠፈው ምንጣፍ እየተንጎራደዱ በፊታችን ያልፋሉ። የሶማሌ ዲራዕ ለብሳ ጋርባሳር ጣል ያደረገች፣ ሽርጥ አገልድሞ የአፋር ጊሌ የታጠቀ፣ በሐረሪ ቀሚስ የደመቀች፣ የዶርዜ ጥለት የተከናነበች፣ ሁሉም ተራ በተራ መጡ። እጃችን ላይ ያለው ወረቀት የተማሪውን ስምና አንድ ባዶ ሳጥን ብቻ ይዟል። ምን ታይቶ ነጥብ እንደሚሰጥ የነገረን አልነበረም፤ እኛም አልጠየቅንም። ጭብጨባው ሲደምቅ ነጥባችን ከፍ ይላል፤ ሲቀዘቅዝ ዝቅ ይላል።

ወደ መጨረሻው ላይ የዓድዋ ዘማች ሆኖ የመጣ ልጅ ቀረበ። ጋሻው ከቢጫ ጀሪካን ተቆርጦ የአሮጌ ቦርሳ ቆዳ የተለበጠበት ነው። ጎፈሩ ከቃጫ ገመድ ተፈትቶ የተሠራ፣ በሻይ ቅጠል ተነክሮ የወየበ ነው። ከሩቅ ሲታይ ደብዛዛ ነበር። ቀጥላ የመጣችው ልጅ ግን በወርቃማ ጥልፍ የሚያብረቀርቅ ከፋይ ካባ ለብሳ ሜዳውን አናወጠችው። አንደኛ ወጣች። በኋላ እንደሰማነው ካባው ከሠርግ ልብስ አከራይ ለአንድ ቀን የተወሰደ ነው። የጋሻው ልጅ ከመጀመሪያዎቹ አምስት ውስጥ እንኳ አልገባም።

ሽልማቱ ካለቀ በኋላ ልጁ ጎፈሩን አውልቆ ጠረጴዛችን ጠርዝ ላይ አስቀመጠው። አንስቼ ገለበጥኩት። ውስጡ ከታጠበ የዱቄት ጆንያ የተሠራ ገበር አለው። እያንዳንዱ የቃጫ ጥቅል ከጥብጣቡ ጋር በእጅ፣ በድርብ ክር ተያይዟል። በጥቅሎቹ መካከል ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት ተትቷል። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው አክስቱ ሆን ብላ ለአየር መግቢያ የተወችው መሆኑን ነገረኝ፤ ያለዚያ በድሬ ሙቀት ራሱን ያነደው ነበር። አክስቱ ፋብሪካ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ኮሌታ ትሰፋለች። ጎፈሩን የሠራችው ማታ ማታ፣ ከሥራ ስትመለስ ነው። እኛ ሦስታችን ከጠረጴዛችን ተነሥተን ያንን ገበር ገልብጠን ብናይ ኖሮ ውጤቱ ሌላ ይሆን ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ሐሳብ አልለቀቀኝም። በአገራችን ስለ ልብስ የሚደረግ ውድድር ሞልቷል፤ የሚሸለመው ግን ለባሹ ነው። ሰፊው፣ ሸማኔው፣ ጠላፊዋ ከመድረኩ ጀርባ እንኳ ስማቸው አይነሳም። ይህ መስተካከል አለበት፤ ለማስተካከልም ከድሬዳዋ፣ በተለይም ከመልካ ጀብዱ የተሻለ ቦታ ያለ አይመስለኝም።

የአድናቂዎች ጉባኤ ያስተማረው

ነገሩን ከእኛ ቀድመው የደከሙበት አሉ። በአሜሪካ፣ በጃፓንና በአውሮፓ የልብ ወለድ፣ የፊልም፣ የሥዕላዊ ታሪክና የአኒሜሽን ወዳጆች በየዓመቱ ተሰብስበው ጉባኤ ያደርጋሉ። ከጉባኤው ዋና ትርዒቶች አንዱ የሚወዱትን ገጸ ባሕርይ ልብስ ሠርቶና ለብሶ መወዳደር ነው። ጃፓናዊው ኖቡዩኪ ታካሃሺ በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ልብስና ጨዋታ የሚሉትን ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት አጣምሮ ኮስፕሌይ የሚል ስም አወጣለት፤ ዛሬ ዓለም የሚጠራው በዚሁ ስም ነው።

ድርጊቱ ግን ከስሙ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1939 ኒው ዮርክ ላይ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የሳይንሳዊ ልብ ወለድ ጉባኤ ሲደረግ ፎረስት አከርማን የተባለ ወጣት የመጪውን ዘመን ሰው የሚመስል ልብስ ለብሶ መጣ። አብራው ሚርትል ዳግላስ ነበረች፤ ወዳጆቿ ሞሮጆ ይሏታል። ለብዙ ዓመታት የልማዱ አባት እየተባለ የተወሳው አከርማን ነው። ይሁን እንጂ የሁለቱንም ልብስ ቀድዳ የሰፋችው ሞሮጆ ነበረች። ልማዱ በተወለደ ቀን ለባሹ ስም አገኘ፣ ሰፊዋ ተረሳች። በመልካ ጀብዱው ሜዳ ላይ ያየሁትም ይኸው ነው።

ልዩነቱ እነርሱ ስሕተቱን በሥርዓት ማረማቸው ላይ ነው። በማግሥቱ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1940፣ ቺካጎ ላይ በተደረገው ሁለተኛው ጉባኤ የልብስ ውድድር ተካሄደ። ከዚያ ወዲህ በነበሩት አሥርት ዓመታት ደንቦቹ አንድ በአንድ ተጨመሩ፤ አብዛኞቹም ከደረሰ ችግር የተወለዱ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1972 ሎስ አንጀለስ ላይ አንድ ተወዳዳሪ ገላውን በኦቾሎኒ ቅቤ ለውሶ መድረክ ወጣ። የእኛ የባቢሌ ኦቾሎኒ በሙቀት ምን እንደሚሆን ለሚያውቅ የድሬ ሰው የሆነውን መገመት አይከብድም፤ ቅባቱ በመብራቱ ሙቀት እየቀለጠ የሌሎችን ልብስ ነካ። ከዚያ በኋላ የሌላውን ሥራ የሚያበላሽ ነገር ይዞ መውጣት ተከለከለ። ደንቡ የቆመው የሌላው ሰው የወራት ድካም እንዲከበር ነው።

ከሁሉም የሚበልጡት ግን ሁለት ደንቦች ናቸው። የመጀመሪያው ተወዳዳሪዎችን በችሎታ ደረጃ መክፈሉ ነው፤ ጀማሪ፣ መካከለኛ እና ባለሙያ ተብለው ይለያሉ። ጀማሪ ከፈለገ ከፍ ባለው ምድብ ገብቶ መወዳደር ይችላል። ባለሙያ ግን ወደ ጀማሪዎቹ ወርዶ ሽልማታቸውን መውሰድ አይችልም። በዚህ መንገድ ትናንት መርፌ የያዘች ልጅ ሃያ ዓመት ከሰፋ ሰው ጋር አትላተምም።

ሁለተኛው የእጅ ሥራ ዳኝነት ነው። መድረክ ላይ ያለውን ትርዒት የሚዳኙት ሌሎች ናቸው። የእጅ ሥራ ዳኛው ከመድረኩ ጀርባ ባለ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ልብሱን በእጁ ይነካል። ጫፉን ይገለብጣል። ዘምዘማው ፈታ ብሏል ወይስ ጠብቋል? የግራና የቀኙ ጥለት ስፌቱ ላይ ይገናኛል? ዚፑ ሳይጎረብጥ ተኝቷል? ጥሩሩ ከካርቶን ቢሆንም ጠርዙ ተሸፍኗል? ክብደቱ ትከሻ ላይ ነው ያረፈው ወይስ አንገት ላይ? ተወዳዳሪው የመነሻውን ሥዕልና በሥራው መካከል ያነሣቸውን ፎቶዎች ያሳያል፤ የቱ ላይ እንደተቸገረና እንዴት እንደተወጣው ይናገራል። ጃፓን ናጎያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ የሚደረገው የዓለም የኮስፕሌይ ጉባኤም ተወዳዳሪዎቹ ልብሳቸውን ራሳቸው እንዲሠሩ ያስገድዳል። ከሱቅ ገዝቶ መምጣት፣ ተከራይቶ መምጣት አይቻልም።

አህጉራችንም ወደዚህ እየገባች ነው። ሌጎስ እ.ኤ.አ. ከ2012፣ ጆሃንስበርግ ከ2018 ጀምሮ የየራሳቸውን ጉባኤ ያደርጋሉ፤ የናይጄሪያና የደቡብ አፍሪካ ወጣቶች የፊልም ጀግኖችን ልብስ ከገበያ ጨርቅና ከወዳደቀ ዕቃ ይሠራሉ። ብላክ ፓንተር የተሰኘው ፊልም እ.ኤ.አ. በ2018 ሲወጣ ደግሞ የአለባበሱ ምንጭ አፍሪካ ራሷ መሆኗ ለዓለም ታየ። የፊልሙን አልባሳት የነደፈችው ሩት ካርተር እ.ኤ.አ. በ2019 ኦስካር ስትሸለም በዘርፉ የመጀመሪያዋ ጥቁር ተሸላሚ ሆነች። በፊልሙ ውስጥ ከጎሣ መሪዎቹ አንዱ ከንፈሩ ላይ የሚያደርገው ክብ ሰሌዳ መነሻው የእኛዎቹ የሙርሲና የሱርማ ሰዎች ልማድ ነው። ከእኛ ወስደው እስከ ኦስካር ያደረሱትን እኛ በትምህርት ቤት ሜዳ በጭብጨባ ብቻ መዳኘታችን ያስቆጨኛል።

እኛም ለብሰን እናስታውሳለን

በየዓመቱ የካቲት 23 ቀን አዲስ አበባ ምኒልክ አደባባይ የቆመ ሰው የምለውን ያውቀዋል። ጎፈር የደፉ፣ ለምድ ያጠለቁ፣ ጋሻና ጦር የያዙ ወጣቶች እየፎከሩና እየሸለሉ ይመጣሉ። እንደ ዳግማዊ ምኒልክ ካባ ደርቦ የሚመጣ አለ፤ እንደ እቴጌ ጣይቱ ለብሳ የምትመጣ አለች። ማንም አስገድዷቸው አይደለም፤ የሚከፍላቸውም የለም። የ1888ቱን ዘማች ለአንድ ቀን በገላቸው ተሸክመው ያስታውሳሉ። የሚወዱትን ሰው ልብስ ለብሶ በአደባባይ መቆም ከተባለ ከዚህ የበለጠ ምሳሌ አላውቅም። የዓድዋ ድል መታሰቢያ በየካቲት 2016 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ ለዚህ ፍቅር ትልቅ ደጅ ተከፍቶለታል።

ሁለተኛው መድረካችን ኅዳር 29፣ የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ነው። ሕገ መንግሥቱ የጸደቀበት የ1987 ዓ.ም. ዕለት ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ ሲከበር ቆይቷል፤ በ2002 ዓ.ም. አስተናጋጇ ድሬዳዋ ነበረች። ያን ሰሞን ከየክልሉ የመጣው ሰው በከዚራ ጥላማ ጎዳናዎች ሲያልፍ ከተማዋ የልብስ መዝገብ መስላ ነበር ማለት ይቻላል። ከዚያ በኋላም በየትምህርት ቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ የባህል ልብስ ቀን መደበኛ ነገር ሆነ። በየዩኒቨርሲቲውም ተማሪዎች የአካባቢያቸውን ልብስ ለብሰው የሚወጡበት ቀን አለ።

ሦስተኛው ገና እያቆጠቆጠ ነው። በስራት ደበበ እ.ኤ.አ. በ2018 ጀምበር የተሰኘ ኢትዮጵያዊ ጀግና የሚገኝበትን ሥዕላዊ መጽሐፍ በአማርኛና በእንግሊዝኛ አሳትሟል። ልጆቻችን የባሕር ማዶ ጀግኖችን ብቻ ሳይሆን የራሳቸውን ልብ ወለድ ጀግና ልብስ የሚሰፉበት ቀን መምጣቱ አይቀርም።

እዚህ ላይ ግን በጥንቃቄ መለየት ያለብን ነገር አለ። አንድ ጃፓናዊ ወጣት የአኒሜሽን ገጸ ባሕርይ ልብስ ለብሶ ቢሸነፍ የተሸነፈው እርሱ ብቻ ነው። የእኛ ልጅ የአንድን ሕዝብ ልብስ ለብሳ ሦስተኛ ስትወጣ ግን ዘመዶቿ የሚሰሙት ሌላ ነው፤ “የእኛ ልብስ ሦስተኛ ሆነ” ይላሉ። እንዲህ ያለ ቅሬታ በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ ሰሚው ሁሉ ሊያስብበት ይገባል። ሕዝብን ከሕዝብ ማበላለጥ የማንም ዳኛ ሥልጣን አይደለም፣ ሊሆንም አይገባም። ሶማሌና ኦሮሞ፣ አማራና ሐረሪ፣ አፋርና ጉራጌ በር ለበር በሚኖሩባት በድሬዳዋ ደግሞ ይህ በተለይ ይከብዳል።

የእጅ ሥራ ዳኝነት ከዚህ ጣጣ ያወጣናል። ዳኛው የዲራዕና የሐበሻ ቀሚስ ውበት ምን ያህል ነው ብሎ አይጠይቅም። የዲራዑ ጫፍ እንዴት ተጠቀለለ? የቀሚሱ ጥለት ስፌት ላይ ተገናኘ ወይ? ብሎ ይጠይቃል። ሁለቱም ልብሶች እኩል ክብር ይዘው ይገባሉ፣ እኩል ክብር ይዘው ይወጣሉ፤ የሚለየው የእጅ ጥበብ ብቻ ነው። መርፌ ዘር የለውም። እንዲህ ቢዳኝ የተሸነፈውም ቤቱ ሲገባ የሕዝቡን ስም ይዞ አያዝንም፤ ለሚቀጥለው ዓመት ምን ማሻሻል እንዳለበት ያስባል።

ድሬና መርፌ

ድሬዳዋ በጨርቅ ላይ የተሠራች ከተማ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ከጅቡቲ ወደብ ይዞት ከሚመጣው ሸቀጥ ዋናው አቡጀዴ ነበር። ከዚያም ከተማዋ የራሷን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አቆመች፤ የስንቱ ድሬ ቤተሰብ እንጀራ የወጣው ከዚያ ግቢ ነው። ቀፊራ ገበያ በቅስት በሮቿ ሥር ዛሬም ጨርቅ በሜትር ይለካል። በመጋላ በረንዳዎች ላይ የእግር ማሽናቸውን የሚረግጡ ልብስ ሰፊዎች አሉ። አንድ ሰዓት መንገድ ተጉዞ ሐረር ጁገል የገባ ሰው ደግሞ መኪና ግርግር የሚባለውን ጎዳና ያገኛል፤ ስሙን ያገኘው በግራና በቀኝ ከተደረደሩት የስፌት መኪናዎች ድምፅ ነው። ጎዳናን በስፌት ድምፅ የሚሰይም ሕዝብ ሰፊዎቹን ከመድረክ ጀርባ ሊተዋቸው አይገባም።

ይህ ሁሉ ሙያ ግን ሁለት ነገሮች እየገፉት ነው። አንደኛው ሰልባጅ ነው። ልባሽ ጨርቅ ማስገባት ክልክል ቢሆንም በኮንትሮባንድ መግባቱን አላቆመም፤ ዋጋው ርካሽ ስለሆነ ደንበኛ ጨርቅ አስለክቶ ከማሰፋት ይልቅ የተሰፋ መግዛትን መርጧል። ሁለተኛው የፋብሪካ ሥራ ባሕርይ ነው። በአልባሳት ፋብሪካ አንድ ሸሚዝ በብዙ እጅ ይከፋፈላል። አንዷ ኮሌታ፣ አንዷ ኪስ፣ አንዷ የእጅጌ ጫፍ ትሰፋለች። ፍጥነት እንዲህ ይገኛል፤ ግን ዓመት ሙሉ ኮሌታ የሰፋች ልጅ አንድ ሙሉ ሸሚዝ ቀድዳ ሰፍታ ሳትጨርስ ልትወጣ ትችላለች። ሙያዋ በአንድ ቁራጭ ላይ ይቀራል።

ወደ መልካ ጀብዱ የምመለሰው ለዚህ ነው። መልካ በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ነው፤ ጀብዱ የሚለውን ደግሞ አማርኛ ተናጋሪ ሲሰማው ጀግንነት ትዝ ይለዋል። ከመሀል ድሬ ወጣ ብላ የምትገኘው ይህች ሰፈር ከብት አርቢውም ነጋዴውም የሚገናኙባት ነበረች። ዛሬ የኢንዱስትሪ ፓርኩ በአካባቢዋ ተሠርቷል፤ በነሐሴ 2014 ዓ.ም. የአገሪቱ የመጀመሪያው ነጻ የንግድ ቀጣና በድሬዳዋ ሥራ መጀመሩ ሲበሰርም ዓይን ሁሉ ወደዚህ ዞረ። ጠዋት የሠራተኛ ሰርቪሶችና ባጃጆች የሚጎርፉት ወደዚያ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ኢትዮጵያ ከጥር 2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አጎዋ ከሚባለው የአሜሪካ የቀረጥ ነጻ ገበያ ዕድል መታገዷ የአልባሳት ፋብሪካዎቻችንን ሁሉ የፈተነ ነገር ነበር። የአሜሪካ ገበያ በር ሲዘጋ ወይም ሲጠብ በአንድ ቁራጭ ላይ ብቻ የሠለጠነች ልጅ ወዴት ትሄዳለች? ሙሉ ልብስ ቀድዳ መስፋት የምትችል ከሆነ ግን አንድ ማሽን ይዛ በረንዳ ላይ ተቀምጣ ራሷን ታኖራለች።

የልብስ ውድድር ለሥራ አጥነት መድኃኒት ነው አልልም። አንድ ነገር ግን ያደርጋል፤ ሙሉ ልብስ ለመሥራት ምክንያት ይሰጣል። ኮሌታ ሰፊዋ ለእህቷ ልጅ ጎፈር ለመሥራት ስትነሣ ልክ መውሰድን፣ ቅድን፣ ገበርን፣ የማታውቀውን ዕቃ ማላመድን በአንድ ወር ውስጥ ትማራለች። ፋብሪካው ያላስተማራትን ያ ጎፈር አስተማራት።

እንዴት ይደረግ?

የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። በየዓመቱ ኅዳር 29 ዋዜማ ወይም የካቲት 23 አካባቢ መልካ ጀብዱ ላይ አንድ የልብስ ሠሪዎች ውድድር ይደረግ። ሰዓቱ ከቀኑ አሥር ሰዓት በኋላ ይሁን፤ የቀትሩን ሐሩር ለብሶ ጋሻ መሸከም ለሕፃን ቅጣት ነው። ምድቡ ሦስት ይሁን፦ ተማሪዎችና ጀማሪዎች፣ የፋብሪካ ሠራተኞችና ተለማማጆች፣ በሙያው የሚኖሩ ልብስ ሰፊዎች። ጭብጡም ሦስት ይሁን፦ የታሪክ ሰው፣ የአካባቢ ልብስ፣ የልብ ወለድ ጀግና። አንዷ የጀምበርን ወይም የምትወደውን የአኒሜሽን ጀግና ልብስ ልትሰፋ ትችላለች፤ ሌላዋ የአያቷን ቀሚስ እንደነበረው መልሳ ትሠራለች።

ዳኝነቱ በሁለት ጠረጴዛ ይሁን። አንዱ ጠረጴዛ ከመድረኩ ጀርባ ባለ ድንኳን ውስጥ ሆኖ ልብሱን ገልብጦ ያያል፤ እዚያ የሚቀመጡት ዕድሜያቸውን በስፌት ያሳለፉ የቀፊራና የመጋላ ሰፊዎች፣ የመኪና ግርግር ባለሙያዎች ይሁኑ። ሌላው መድረኩን ያያል። ከጠቅላላ ነጥቡ ግማሹ ወይም ከዚያ በላይ የእጅ ሥራው ይሁን። ተከራይቶ የመጣ ልብስ በዚህ ምድብ አይዳኝ። ልባሽ ፈትቶ እንደ አዲስ የሠራ ግን ይዳኝ፤ አሮጌውን ማደስ ራሱን የቻለ ጥበብ ነውና።

የወጪ ነገር ይነሣል። ልብስ ውድ ነው፤ ሀብታም ቤተሰብ ያሸንፋል የሚል ስጋት ተገቢ ነው። መልሱ በደንቡ ውስጥ ይገባል። በተማሪዎች ምድብ ለዕቃ የሚወጣው ገንዘብ ጣሪያ ይበጅለት። ከጀሪካን፣ ከካርቶን፣ ከቆርቆሮ፣ ከቃጫና ከቁርጥራጭ ጨርቅ የተሠራ ብልሃት የተለየ ነጥብ ይሰጠው። ፋብሪካዎቹ የሚጥሉትን ቁራጭ ጨርቅ ለትምህርት ቤቶች ቢሰጡ የዕቃው ጉዳይ በአብዛኛው ተፈታ ማለት ነው። ማስቲሽና ክር መግዛት የማይችል ልጅ ብዙ አይደለም።

የጨዋነት ጥያቄም አለ። በሰፈሩ ሙስሊሙ ብዙ ነው፤ ክርስቲያኑም ልጁ በአደባባይ እንዲገላለጥ አይፈልግም። ደንቡ ይህን በግልጽ ይናገር፤ ገላን መሸፈን ነጥብ አይቀንስም፣ መገላለጥም ነጥብ አይጨምርም። ሂጃብ የምታደርግ ልጅ የምትወደውን ጀግና ልብስ ከሂጃቧ ጋር አስማምታ ስትሠራ ዳኛው ያንን ማስማማት እንደ ብልሃት ይቁጠረው። ልብሱ የሚዳኘው በስፌቱ ከሆነ ለገላ ትርዒት ቦታ አይኖርም።

“የፈረንጅ ልማድ ነው” የሚሉም አይጠፉም። ለእነርሱ የምለው አለኝ። ጎፈር ደፍቶ ዓድዋን ማክበርን ፈረንጅ አላስተማረንም። ከፈረንጅ የምንወስደው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መስፈርት። ጫማ ሰፊ በጫማው፣ ሸማኔ በጥበቡ እንደሚመዘን ልብስ ሰፊም በስፌቱ ይመዘን ማለት ለአባቶቻችን እንግዳ ነገር አይደለም። ሸማኔውን “እጁ ይባረክ” የምንል ሕዝብ ነን። ምርቃቱን ወደ ነጥብ መቀየር ብቻ ነው የቀረን።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ነገር በተለይ እንዲደረግ እለምናለሁ። ለባሹ መድረክ ላይ ሲጠራ የሠሪው ስም አብሮ ይጠራ። “ልብሱን የሰፋችው እገሊት” ይባል፤ እርሷም ወጥታ ከልጁ ጎን ትቁም። ሕዝቡ ሲያጨበጭብ ለማን እንደሚያጨበጭብ ይወቅ። ሞሮጆን ዓለም እስኪያስታውሳት ድረስ ብዙ ዓመት ፈጅቷል፤ የእኛዎቹን ሞሮጆዎች ግን ዛሬውኑ ልናከብራቸው እንችላለን።

ያንን የቃጫ ጎፈር ለልጁ ስመልስለት የተናገርኩት ቃል አልነበረም፤ ውጤቱ ተነግሮ ስላለቀ ምንም ማድረግ አልቻልኩም። አክስቱንም አላየኋትም። ወደ ፋብሪካዋ ተመልሳ ኮሌታ እየሰፋች ሊሆን ይችላል።

ውድ አንባቢ፣ በመጪው ኅዳር ወይም የካቲት በየትኛውም ሰፈር፣ በየትኛውም ትምህርት ቤት በልብስ ውድድር ላይ በዳኝነት ከተቀመጡ ወይም ልጅዎን አልብሰው ከላኩ፣ ነጥቡ ከመጻፉ በፊት ሁለት ነገር ያድርጉ። ልብሱን ገልብጠው ገበሩን ይዩ። ቀጥለው “ማን ሰፋው?” ብለው ይጠይቁና ስሙን በምስክር ወረቀቱ ላይ ያስጽፉ።